ቅጠል፣ ፀሐይና ውኃ፤ በእጅ የሚታተም ፎቶግራፍ ከቀጨኔ ሲታይ

ፎቶግራፍ በተፈለሰፈበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽና ከዚያ በኋላ በነበሩት በርካታ ዐሥርት ዓመታት፣ ምስልን በወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ሰው ወረቀቱን ብርሃን እንዲቀበል አድርጎ በገዛ እጁ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነበር። አንዱ ወረቀቱን በብር ጨው ይቀባዋል፤ ሌላው በብረት ጨው ያርሰዋል፤ ሌላው የእንቁላል ነጭ ወይም የዛፍ ሙጫ ያለብሰዋል፤ የአበባ ጭማቂ ብቻ ቀብቶ የሞከረም ነበር። በፋብሪካ የተዘጋጀ የፎቶግራፍ ወረቀት ገበያውን ሲይዝ፣ ከዚያም ፊልሙ ራሱ በዲጂታል ካሜራ ሲተካ፣ እነዚህ ስልቶች ከዕለት ሥራ ወጡ፤ ይሁን እንጂ ፈጽመው አልጠፉም። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ሠዓሊዎችና ፎቶ አንሺዎች እንደገና አንሥተዋቸው «አማራጭ የፎቶግራፍ ኅትመት ስልቶች» በሚል የወል ስም ይጠሯቸዋል፤ ስያሜውም ከተለመደው የፋብሪካና የዲጂታል ኅትመት ውጭ የሆነውን፣ በእጅ የሚዘጋጀውን አሠራር ሁሉ ያጠቃልላል።

እነዚህን ስልቶች ከሌላው የሥዕል ዓይነት የሚለያቸው ከተፈጥሮ ጋር ያላቸው ቁርኝት ነው። ሠዓሊ ዛፍን ወይም አበባን በብሩሽ ሲሥል ተፈጥሮ የሥዕሉ ርእስ ሆና ትቀራለች፤ በአማራጭ ኅትመት ግን የኅትመቱ መብራት ፀሐይ ናት፣ ምስሉን የሚያወጣው ውኃ ነው፣ የካሜራውን ቦታ አንዲት ቅጠል ትይዛለች፣ ቀለሙ ከተክል ጭማቂ፣ ማያያዣውም ከግራር ሙጫ ሊገኝ ይችላል። በዚህም ምክንያት ተፈጥሮ ራሷ በሥራው ውስጥ እጇን ታስገባለች፤ የደመናው መሳሳት፣ የውኃው ጥራት፣ የቅጠሉ ውፍረት ሁሉ በመጨረሻው ምስል ላይ ምልክት ይተዋል።

ጥበቡን ለመረዳት ከሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከምትገኘው ከቀጨኔ የተሻለ መመልከቻ ማግኘት ያስቸግራል። ሰፈሩ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያረፈ፣ ከጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጋር በአንድ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ ነዋሪዎቹም ከአፈር ዕቃ፣ ከጥጥ ልብስ በማበጀት ለትውልዶች የታወቁ በመሆናቸው፣ ስልቶቹ የሚጠይቋቸው ነገሮች፣ ማለትም ተክል፣ ጠንካራ ፀሐይ፣ ጨርቅና የእጅ ሙያ፣ በአንድ አካባቢ ተገናኝተው ይታያሉ።

ብረት በሸክላና በወረቀት

የቀጨኔ ስም ሲነሣ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ጋር አብሮ የሚነሣው የሸክላ ሥራዋ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ጭቃውን አቡክተው ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ድስቱንና ማድጋውን በእጃቸው ያበጃሉ፤ ካደረቁት በኋላም በገላጣ ቦታ ማገዶና ቅጠል ከምረው ይተኩሱታል። ከሸክላው ጎን ለጎንም ሽመና የሰፈሩ የቆየ መተዳደሪያ ነው። የሙያዎቹ ታሪክ ግን በክብር የተሞላ አልነበረም፤ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔና ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባሉ ከማኅበራዊ ኑሮ ሲገለሉ ኖረዋል፤ የቀጨኔ ባለሙያዎችም ከዚህ ንቀት አላመለጡም። በእጃቸው የነበረው ዕውቀት ግን በትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ተብሎ የሚሰጠው ዕውቀት አካል ነው።

ይህንንም በጀበና ቀለም ማስረዳት ይቻላል። የሸክላ አፈር በውስጡ ብረት አለው። ዕቃው በቂ አየር እያገኘ ሲተኮስ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር በሙላት ይዋሐድና ሸክላውን ያቀላዋል፤ በቅጠልና በጭስ ታፍኖ አየር ሲያጥረው ግን ብረቱ የያዘውን ኦክስጅን በከፊል ይለቃል፣ የጭሱም ካርቦን ወደ ሸክላው ይሰርጋል፣ ዕቃውም ይጠቁራል። አንዱ ማዕድን እንደ አያያዙ ሁለት መልክ ይሰጣል ማለት ነው። ከአማራጭ ስልቶች ሁሉ በይበልጥ የተስፋፋው ሳያኖታይፕ የተባለው ሰማያዊ ኅትመት የሚሠራውም በዚሁ የብረት መለዋወጥ ነው፤ ልዩነቱ በሸክላ ብረቱን የሚለውጠው እሳት ሲሆን በኅትመት የሚለውጠው ብርሃን መሆኑ ነው።

ሰማያዊው ኅትመት እንዴት ይሠራል?

ሳያኖታይፕን እ.ኤ.አ. በ1842 የፈለሰፈው እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክና የኬሚስትሪ ሊቅ ሰር ጆን ኸርሸል ነው። ስልቱ ሁለት ጨዎችን ብቻ ይፈልጋል፤ አንደኛው ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት የተባለ ከብረትና ከሲትሪክ አሲድ የሚዘጋጅ አረንጓዴ ጨው፣ ሁለተኛው ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ የተባለ ቀይ ብርቱካናማ ጨው ነው። በተለመደው አዘገጃጀት ከመጀመሪያው 25 ግራም፣ ከሁለተኛው 10 ግራም እያንዳንዱ ለብቻው በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሟሟል፤ ከዚያም ሁለቱ ውሕዶች በእኩል መጠን ተቀላቅለው በደብዛዛ መብራት ውስጥ ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ በብሩሽ ይቀባሉ። ቅቡ በጨለማ ሲደርቅ ቢጫ አረንጓዴ መልክ ይይዛል።

ቀጥሎ ቅጠሉ ወይም አበባው በደረቀው ወረቀት ላይ ይቀመጥና እንዳይንቀሳቀስ በመስታወት ተጭኖ ለፀሐይ ይሰጣል። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው፣ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ያረፈበት ብረት ይለወጥና ከሁለተኛው ጨው ጋር ተዋሕዶ ውኃ የማያሟሟው፣ ፕሩሺያን ብሉ የሚባለው ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም ይሆናል። ቅጠሉ የጋረደው ቦታ ግን ሳይለወጥ ይቆያል። ወረቀቱ በውኃ ሲታጠብ ያልተለወጠው ጨው ታጥቦ ይወጣል፤ የቅጠሉ ቅርጽ ነጭ፣ ዙሪያው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ ሰማያዊውም አየር እያገኘ በቀጣዩ ቀን ይበልጥ ይደምቃል። እንዲህ ካሜራ ሳያስፈልግ፣ ዕቃውን በቀጥታ ወረቀት ላይ በማስቀመጥ የሚሠራ ምስል ፎቶግራም ይባላል። በካሜራ የተነሣ ምስል ማተም የሚፈልግ ሰውም ምስሉን ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ካሳተመ በኋላ፣ ይህንኑ ኔጋቲቭ በቅጠሉ ፈንታ ሊጠቀምበት ይችላል።

ስልቱን ከዕፅዋት ጋር ያስተሳሰረችው እንግሊዛዊቷ የዕፅዋት አጥኚ አና አትኪንስ ናት። አትኪንስ የባሕር ውስጥ ዕፅዋትን በብዕር መሣል አድካሚና ለስሕተት የተጋለጠ መሆኑን ስለተረዳች፣ ተክሎቹን ራሳቸውን በሳያኖታይፕ ወረቀት ላይ እያስቀመጠች በፀሐይ አተመቻቸው፤ ስለ ብሪታንያ የባሕር ዕፅዋት ያዘጋጀችውን ሥራ የመጀመሪያ ክፍልም እ.ኤ.አ. በ1843 አወጣች። ሥራው እስከ 1853 ድረስ በክፍል በክፍል እየወጣ ወደ 400 የሚጠጉ ምስሎችን ያቀፈ ሲሆን፣ በፎቶግራፍ ምስሎች የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደሆነ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው ይታመናል። ይህም የፎቶግራፍ መጽሐፍ ታሪክ በሰው ፊት ወይም በሕንፃ ሳይሆን በተክል መጀመሩን ያሳያል።

ከአትኪንስ በኋላ ሳያኖታይፕ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው በምሕንድስና ቢሮዎች ነበር። የሕንፃና የማሽን ንድፎችን በርካሽ ለማባዛት ይውል ስለነበር፣ እስከ ዛሬ «ብሉፕሪንት» የሚለው ቃል ለንድፍ መጠሪያነት የቆየው ከሰማያዊው መልኩ የተነሣ ነው። የማባዣ ማሽኖች ሲሻሻሉ ቢሮዎቹ ተዉት፤ አርቲስቶች ደግሞ መልሰው ያዙት። ለምሳሌ አሜሪካዊቷ ሜጋን ሪፐንሆፍ የተቀባውን ወረቀት በባሕር ዳርቻ ማዕበል እንዲያልፍበት፣ ዝናብም እንዲያርፍበት እያደረገች ትሠራለች፤ በሥራዎቿ ላይ የሚታየው መስመርና ነጠብጣብ ውኃው ራሱ የተወው ነው።

የእንጦጦ ፀሐይና የእንጦጦ ቅጠል

የአልትራቫዮሌት ጨረር ጥንካሬ ለእነዚህ ስልቶች ሁሉ ወሳኝ በመሆኑ የቦታው አቀማመጥ ትልቅ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በቀትር ከአናት በላይ ትቆማለች። በተጨማሪም የአልትራቫዮሌት ጨረር መጠን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያረፈችው ቀጨኔ በተመሳሳይ ኬክሮስ ካለ የባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የበረታ ጨረር ታገኛለች። በሰሜን አውሮፓ በክረምት ወራት ኅትመት ለመሥራት የመብራት ሣጥን ሲያስፈልግ፣ እዚህ በበጋ ቀትር ላይ አንድ ሳያኖታይፕ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። በአንጻሩ ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ያለው ክረምት ሰማዩን ስለሚጋርድና ወረቀቱንም ስለሚያረጥብ ለሥራው አይመችም።

ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይና አበባ በአንድነት ይመለሳሉ። በመስከረም መስኩን የሚያለብሰው አደይ አበባ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ ግንዱም ቀጭን በመሆኑ ለፎቶግራም የተመቸ ነው፤ ከዚያም በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚገኙ ዛፎች አሉ። የኮሶ ዛፍ ጥርስ ያለው ረጅም ቅጠል፣ የአበሻ ጥድ እንደ ቅርፊት የተደራረበ ጥቃቅን ቅጠል፣ የወይራ ጠባብ ቅጠል፣ የግራር ጥቃቅን ዝርግ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ለየት ያለ ጥላ ይጥላሉ። የባሕር ዛፍም የራሱ ትምህርት አለው፤ ለጋው ቅጠል ክብ፣ ያለ ዘንግ ከግንዱ ጋር የተጣበቀ ሲሆን፣ ዛፉ ሲያድግ የሚያወጣው ቅጠል ግን እንደ ማጭድ የረዘመና የጎበጠ ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲታተሙ ተመልካቹ የአንድ ዛፍ ቅጠሎች መሆናቸውን በቀላሉ አይቀበልም።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የማገዶ ችግር ያስጨነቃትን አዲስ አበባን የታደገ፣ በኋላም የእንጦጦን ተራራ የሸፈነ ዛፍ ነው፤ ቀድሞ በስፍራው የነበሩት ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ግን እየሳሱ ሄደዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር በ705 ሄክታር መሬት ላይ የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ዓላማው የአገሪቱን ዕፅዋት ሰብስቦ መጠበቅ፣ ማጥናትና ለሕዝብ ማስተማር ነው። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ አገር በቀሉና መጤው ዛፍ ጎን ለጎን ስለሚታዩ፣ የሁለቱን ቅጠሎች የሚያነጻጽር የኅትመት ሥራ የአንድን ተራራ የመቶ ዓመት ታሪክ በዓይን ሊያሳይ ይችላል።

ሳይንስም ከዚህ ጥበብ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም ተጨፍልቀው የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ቤት፣ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት ለተዘጋጀው ታላቅ ሥራ ማዕከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ ቅጾቹ ከ1989 እስከ 2009 የወጡለት ይህ ሥራ ወደ 6,000 የሚደርሱ የዕፅዋት ዝርያዎችን የመዘገበ ሲሆን፣ ከእነዚህም 10 በመቶ ያህሉ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው። ፎቶግራም የደረቀ ናሙናን አይተካም፤ የአበባውን ቀለምም ሆነ የግንዱን ውፍረት አይመዘግብም። ይሁን እንጂ የተክሉን ቅርጽ ሳያሳንስና ሳያገዝፍ በእውነተኛ መጠኑ ስለሚያሰፍር፣ ተማሪ ዝርያን ከዝርያ ለይቶ እንዲያይ የሚያሠለጥን መሣሪያ ነው።

ከወረቀት ወደ ሸማ

ፕሩሺያን ብሉ በወረቀት ላይ እንደሚይዝ ሁሉ በጥጥ ላይም ይይዛል፤ ወረቀትም ጥጥም በመሠረታቸው ሴሉሎስ ከተባለ የተክል አካል የተሠሩ ናቸውና። ስለዚህ በቀጨኔና በአጎራባች የጉለሌ ሰፈሮች የሚሸመነው የጥጥ ጨርቅ ለሰማያዊ ኅትመት የሚስማማ ገጽ ነው። የጨርቁ ዓይነት የምስሉን ጠባይ ይወስናል፤ ስስ የሆነው ነጠላ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ምስሉን ለስለስ ያደርገዋል፣ ወፍራሙ ጋቢ የክሩን ጉብታ ያሳያል፣ አቡጀዲ ደግሞ ለጥ ያለ ስለሆነ የቅጠሉን ጅማት ሳይቀር ይይዛል። ጨርቁ ከመቀባቱ በፊት ስታርቹ እስኪወጣ ድረስ በደንብ መታጠብ ይኖርበታል።

ከታተመ በኋላ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ፕሩሺያን ብሉ አሲድን የሚቋቋመውን ያህል ሶዳንና አመድ ነክ ነገርን አይችልም፤ በሶዳ ወይም በብርቱ የልብስ ሳሙና ከታጠበ ሰማያዊው ወደ ደብዛዛ ቢጫ ይለወጣል። አርቲስቶች ይህን ደካማ ጎን ወደ ስልት ቀይረውታል፤ ምስሉን ሆን ብለው በሶዳ ካደበዘዙ በኋላ በቡና ወይም በሻይ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር፣ ማለትም በግራር ቅርፊት ውስጥ ተገኝቶ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ዓይነት፣ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ምስሉን ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር ያደላ ያደርገዋል።

ቡና ለፎቶግራፍ የሚሰጠው አገልግሎት በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም መምህሩ ስኮት ዊሊያምስና ተማሪዎቹ ፊልምን በተፈጣኝ ቡናና በልብስ ማጠቢያ ሶዳ ማጠብ እንደሚቻል አሳዩ፤ በኋላ ቫይታሚን ሲ ተጨምሮበት የተሻሻለው ይህ ውሕድ ካፈኖል ይባላል። ሥራውን የሚሠራው በቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌይክ አሲድ እንጂ ካፌይን አይደለም። ቡና ከኢትዮጵያ ጫካ የወጣ ተክል እንደመሆኑ፣ ፎቶግራፍን በቡና ማጠብ ለአገሪቱ አርቲስት ከሌላው የቀረበ ነገር ነው።

ሙጫ፣ የአበባ ጭማቂና ሕያው ቅጠል

ከሰማያዊው ኅትመት ቀጥሎ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የሙጫ ኅትመት ነው። መሠረቱን ፈረንሳዊው አልፎንስ ፑዋትቫን እ.ኤ.አ. በ1855 የጣለው ይህ ስልት፣ በውኃ የሟሟ የግራር ሙጫን ከውኃ ቀለምና ዳይክሮሜት ከተባለ ጨው ጋር ያዋሕዳል። ብርሃን ያረፈበት ሙጫ ይጠነክርና ቀለሙን እንደያዘ ይቀራል፤ ያላረፈበት በውኃ ይሟሟል። ኅትመቱ በአንድ ወረቀት ላይ በተለያየ ቀለም ተደጋግሞ ስለሚሠራ ውጤቱ ከፎቶግራፍ ይልቅ ወደ ሥዕል ያዘነብላል። በአገሪቱ ቆላማ አካባቢዎች ከሚበቅሉ ግራሮች የሚሰበሰበው ሙጫ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ምርት ነው፤ ጥላሸትን ከሙጫ ጋር አዋሕዶ የጽሕፈት ቀለም መሥራትም በብራና ጸሐፍት ዘንድ የቆየ ዕውቀት ነው። ሆኖም ዳይክሮሜት ካንሰር የሚያመጣ ብርቱ መርዝ በመሆኑ፣ ይህ ስልት ጓንትና የአየር መውጫ ባለው ቤተ ሙከራ፣ በሠለጠነ ሰው ብቻ ሊሠራ ይገባል።

ከመርዝ ሁሉ የጸዳው ደግሞ አንቶታይፕ የተባለው በአበባ ጭማቂ የሚሠራው ኅትመት ነው። ይህንንም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1842 ያጠናው ሲሆን፣ ስኮትላንዳዊቷ የሳይንስ ሊቅ ሜሪ ሶመርቪልም የፀሐይ ጨረር በተክል ጭማቂ ላይ የሚያሳየውን ለውጥ መርምራለች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አበባ፣ ቅጠል ወይም ሥር ተወቅጦ ጭማቂው ይጠለላል፣ ወረቀት ይቀባበታል፣ በላዩ ቅጠል ተቀምጦ ለፀሐይ ይሰጣል። ፀሐይ የተጋለጠውን ቀለም ታነጣዋለች፣ የተጋረደው ግን እንዳለ ይቆያል። እርድ፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ በየገበያው የሚገኙ መነሻዎች ናቸው፤ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያስጌጡበት እንሶስላም ሊሞከር የሚገባው አገር በቀል ቀለም ነው። ስልቱ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እንደ ቀለሙ ዓይነት ከሰዓታት እስከ ሳምንታት በፀሐይ መቆየት አለበትና። ምስሉን አጽንቶ የሚያስቀር መድኃኒትም የለውም፤ ያተመችው ፀሐይ መልሳ ታጠፋዋለች፤ ስለዚህ ሥራው በጨለማ ይቀመጣል፣ ለእይታም ለአጭር ጊዜ ይወጣል።

ሌላው ስልት ወረቀትን ጭምር ይተዋል። በክሎሮፊል ኅትመት ምስሉ የሚያርፈው በቅጠሉ በራሱ ላይ ነው፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ የታተመ ምስል በትኩስ ቅጠል ላይ ተጭኖ ለፀሐይ ሲሰጥ፣ ብርሃን ያገኘው የቅጠሉ አረንጓዴ ይነጣል፣ ጥላ ያገኘው ይቆያል። በቬትናም ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ቢን ዳን በዚህ ስልት የቬትናምን ጦርነት ሰለባዎች ፊት በቅጠሎች ላይ አትሞ ታዋቂ ሆኗል፤ ሐሳቡም የጦርነቱ ትዝታ በምድሩና በዕፅዋቱ ውስጥ እንዳለ ማመልከት ነው። እንደ እንሰት ያሉ ሰፋፊ ቅጠሎች በሚበቅሉበት አገር ስልቱ ሰፊ የመሞከሪያ ሜዳ አለው።

ኢትዮጵያና የእጅ ኅትመት

በእጅ የሚዘጋጅ ኅትመት ለኢትዮጵያ ታሪክ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት የምሕንድስና ክፍል ፎቶ አንሺዎች የአገሪቱን ተራሮች፣ ሰፈሮችና ሰዎች ያተሙት በእንቁላል ነጭ ኅትመት ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ዴዚሬ ብላንካር ኤቭራር እ.ኤ.አ. በ1850 ያስተዋወቀው ይህ ስልት ጨው የተቀላቀለበት የእንቁላል ነጭ ወረቀቱን እንዲያንጸባርቅ ካደረገ በኋላ በብር ጨው ብርሃን እንዲቀበል የሚያደርግ ነው። በዚያው በ1868 ወደ እንግሊዝ የተወሰደውን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን በዋይት ደሴት ያነሣችው ዝነኛዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም ምስሎቹን ያተመችው በዚሁ መንገድ ነው። የልዑሉ በኀዘን የተሞላ ፊት ዛሬ የሚታየው፣ በእንቁላል ነጭና በፀሐይ ብርሃን በተሠራ ወረቀት ላይ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆኖ ሲሠራ፣ ቤተሰቡም ሙያውን እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ ይዞ ቀጥሏል። በአሁኑ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» የተባለውን የ2016 ሥራዋን የሠራችው ፎቶግራቩርን፣ ማለትም ምስልን በብርሃን አማካይነት መዳብ ላይ ቀርጾ በቀለም የማተምን የ19ኛ ክፍለ ዘመን ስልት፣ ከሌሎች የመዳብ ኅትመት ዘዴዎች ጋር አዋሕዳ ነው። ሥራው ስለ ከተማና ስለ ሕንፃ እንጂ ስለ ዕፅዋት አይደለም፤ ሆኖም አሮጌ የሚባል ስልት በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ለሚታይ ዘመናዊ ሥራ እንደሚያገለግል ይመሰክራል። በአገር ውስጥም አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ፎቶግራፍ በኢትዮጵያ እንደ ጥበብ እንዲታይ ሰፊ መድረክ ከፍቷል።

ጥንቃቄና ዘላቂነት

ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የሳያኖታይፕ ጨዎች በአግባቡ ከተያዙ አደጋቸው አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ ከብርቱ አሲድ ጋር መገናኘት ወይም በእሳት መጋል የለበትም፣ መርዛም ጋዝ ሊያወጣ ይችላልና። ጨዎቹን የሚነካ ሰው ጓንት ማድረግ፣ ለምግብ የሚውሉ ዕቃዎችን አለመጠቀም፣ ጠርሙሶቹንም ከልጆች ማራቅ ይኖርበታል፤ እጣቢውም ወደ ቀጨኔ ወንዝም ሆነ ወደ ሌላ ጅረት መደፋት የለበትም። ተክል የሚሰበስብ ሰው የወደቀውንና የተትረፈረፈውን እንጂ ብርቅ የሆነውን መቁረጥ የለበትም፤ በተጠበቀ ስፍራ ውስጥም ያለ ፈቃድ አንድ ቅጠል መንካት አይገባም።

የምስሎቹ ዕድሜም እንደ ስልቱ ይለያያል። የአትኪንስ ሰማያዊ ቅጠሎች ከ180 ዓመት ገደማ በኋላም ደምቀው ይታያሉ። ሳያኖታይፕ ረጅም ጊዜ ብርሃን ሲመታው ቢደበዝዝም፣ በጨለማ አየር እያገኘ ሲቆይ ሰማያዊነቱ በአብዛኛው ይመለሳል። አንቶታይፕ ግን ጊዜያዊ ነው፤ የሚወዱትም ስለ ጊዜያዊነቱ ነው።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያያቸው ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ አለ። አማራጭ ኅትመት በውድ ካሜራ የሚገዛ ጥበብ ሳይሆን፣ ቁስን በማወቅና በመታገሥ የሚገኝ የእጅ ሙያ ነው፤ የአፈሩን ጠባይ፣ የጭሱን ሥራ፣ የክሩን ውጥረት የሚያውቅ ባለሙያ ወደዚህ ጥበብ ሲገባ ከባዶ አይነሣም። ስለዚህ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ስልቶቹን በኅትመት ትምህርታቸው ውስጥ ቢያካትቷቸው፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ለተማሪዎች ጉብኝት የፀሐይ ኅትመት ልምምድ ቢጨምርበት፣ የቀጨኔ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎችም በተማሪነት ብቻ ሳይሆን በመምህርነት ቢጋበዙበት፣ ሦስቱም ወገኖች ያተርፋሉ። ሲናቅ የኖረ የእጅ ዕውቀት ተገቢውን ስፍራ የሚያገኘው በምስጋና ቃል ሳይሆን በሥራና በትምህርት ውስጥ ቦታ ሲሰጠው ነው።